ግራ እጅጌ

ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰፋሁት ግራ እጅጌ ብቻ ነው። ቀኙን የምትሰፋው አጠገቤ ያለችው ባለ ማሽን ናት። አሁን ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሰባተኛ ወር ይዣለሁ። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» ይለኛል፤ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ብዬ ወደ ማሽኔ እመለሳለሁ። ደስ አላለኝም፤ አልከፋኝምም።

እሑድ አማቴ ክርና የሹራብ መርፌ ለልጁ ሥሪበት ብለው ጭኔ ላይ ጣል አድርገውልኝ ሄዱ። ልጅ ሆኜ ሹራብ እሠራ ነበር፤ እጄ አልረሳውም። አንድ እጅጌ እንደጨረስኩ ባሌ በራሱ ክንድ ለካውና በሳቅ ሞተ።

«ይሄ እኮ ለእኔ ነው!»

ለካ ሳላስበው የሠራሁት በፋብሪካው የአዋቂ ልክ ኖሯል። የክሩን ጫፍ ይዤ ሳብኩት። ፋብሪካ ውስጥ የተበላሸ እጅጌ አለቃ ያስጮሃል፤ ይሄኛው ግን ዝም ብሎ ተተርትሮ ክር ሆነ። እንደገና በልጅ ልክ ሠራሁት። እሱንም ተረተርኩት፤ ምንም ሳይጎድለው፣ መሥራቱ እጄን ስለጣመው ብቻ።

እህቴ ሦስተኛውን ስተረትር አይታ ጮኸች። «አንቺ! ልጁ ሊመጣ ነው እኮ!»

«ይጠብቀኛ! ሥራ ላይ ነኝ» አልኳት።

 እስከዚያች ቀን ስለ ልጁ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም ነበር።