ባለ ስምንት ወንበሯ

ጋሽ ጀይሉ መኪናዋን መፈተሽ የጀመሩት ከመጨረሻው ወንበር ነው። ጎንበስ ብለው ገቡና ጥጉን ይዘው ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው የፊተኛውን ወንበር ይነካ እንደሆነ አዩ፤ ከዚያ ወደ መካከለኛው ረድፍ ተሻገሩ። ደላላው አብራር የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ደጅ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

«ጋሼ፣ ሰው ሞተር ያያል» አለ በመጨረሻ። «እርስዎ ሶፋ ነው እንዴ የሚገዙት?»

ፈገግ አሉ። ባለቤታቸው ዙቤዳ በሕይወት ሳለች በየዓመቱ ለአረፋ ሚኒባስ ይከራዩና ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ ሁሉ ተጭኖ ቡታጅራ ይወርድ ነበር። መስኮት ዳር ማን ይቀመጥ የሚለው ክርክር ከ18 ማዞሪያ ተነስቶ ዓለም ገና ድረስ አያልቅም። እሷ ከሞተች ሁለት አረፋ አለፈ። ሁለቱንም ኮልፌ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ዋሉ። የራሳቸው ሰፊ መኪና ቢኖር ሁሉም እንደገና ይሰበሰባል ብለው ነው ዘንድሮ የተነሱት።

ሴት ልጃቸው ሀይፋ ግን ትናንት ወስዳ የኤሌክትሪክ መኪና አሳይታቸዋለች። ትንሽ ናት፤ አዲስ ናት። የነዳጅ ሰልፍ የለባት፤ ማታ ግቢ ውስጥ ሰክቶ መተኛት ነው። ሀይፋ ልክ ነበረች፤ የከበዳቸውም እሱ ነው። ሲነዷት ድምፅ ስለሌላት መነሳቷን እንኳ አላወቁም። ጭር ካለው ቤታቸው ወጥተው ሌላ ጭር ያለ ቤት የገቡ መሰላቸው።

«አባ፣ ለአንድ ሰው ስምንት ወንበር ምን ያደርጋል?» አለቻቸው ሲመለሱ። እሷ አረፋን የምታሳልፈው ባሏ ቤተሰቦች ዘንድ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሐዋሳ ላለው ልጃቸው ለመህዲ ስለ አረፋ ደውለው ነበር። «ዘንድሮ እንኳ አይመስለኝም አባ፤ ለሚመጣው ኢንሻአላህ» አላቸው። አምናም ያለው ይህንኑ ነው።

«ሌላ ገዢ አስር ሰላት ላይ ይደውልልኛል» አለ አብራር። «ይንዷትና ይወስኑ።»

መሪውን ሲይዙ ዝናቡ ጀመረ። 18 ፌርማታ ላይ ታክሲ ጠፍቶ ሰው ተኮልኩሏል። ቀስ ሲሉ አንዲት ሴት መስኮቱን መታች።

«አባቴ፣ ዓለም ባንክ ነው?»

አብራር አይደለም ሊል አፉን ሳይከፍት «ግቡ» አሉ።

«ጋሼ፣ ሙከራ ነው ያልነው እኮ!»

ሰዉ ተጋፍቶ ገባ።

«ጠጋ በል እንጂ፤ ሙሽራ ነህ ብቻህን የምትንሰራፋው?»

«አንቺ፣ ጃንጥላሽን ወደዚያ! ውጪ ያመለጥኩትን ዝናብ እዚህ ታዘንቢብኛለሽ?»

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። በመስታወቱ ውስጥ ራስ በራስ ላይ ሆነ። መንገዱ ክፍት ነበር፤ ጋሽ ጀይሉ ግን እርጉዝ እንደጫነ ሰው ተጠንቅቀው፣ ቀስ ብለው ነዱ።

«እንዲህ ያለ መኪና የያዙት ቤተሰብዎ ብዙ ቢሆን ነው» አለች መስኮቱን የመታችው ሴት።

«ብዙ ነው» አሉ።

አብራር ፊቱን ወደ ውጪ አዞረ።

ዓለም ባንክ ሲደርሱ ሁሉም እየመረቀ ወረደ። ዝናቡን ሽሽት ስለሮጡ ተንሸራታቹን በር ማንም አልዘጋውም። ያን ጊዜ ሀይፋ ደወለች።

«አባ፣ ወሰንክ?»

«እናንተ ሰፈር ነኝ፤ ፌርማታው ላይ። ልጆቹን ይዘሽ ውጪ፣ አንድ ዙር ላንሸራሽራችሁ።»

«አሁን? በዚህ ዝናብ?» አለች። ከጀርባዋ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። «እስኪ ልጆቹን ልጠይቃቸው» አለችና ዘጋች።

ዓይናቸውን ወደ ቤቷ በሚያስገባው የኮብልስቶን መንገድ ላይ ተከሉ። ጃንጥላ የያዘ ሰው ብቅ አለ፤ ቀረብ ሲል የማያውቁት ሆነ። ከመስጊዱ የአስር አዛን ተሰማ። የአብራር ስልክ ጠራ፤ አየውና ሳያነሳው ኪሱ ከተተው።

«ጋሼ፣ ወንበሩ እየራሰ ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሩን ልዝጋው?»

«ትንሽ ተወው» አሉ።