ዳንቴል የለበሰው ኢንቨርተር

ሳይከፈት አዲስ ይገዛና ነገሩ እዚሁ ያልቃል፣ ማን ያየዋል፣ ማን ይጠይቃል፣ አሮጌው ከሱቁ ጀርባ ይወረወራል፣ አዲሱ ቦታውን ይይዛል፣ ሚስቱ ንግሥቴም ምንም ሳታውቅ መንገዳቸውን ወደ ዱርቤቴ ይቀጥላሉ፣ ደስ እንዳላት፣ አዎ፣ ደስ እንዳላት፣ ዋናው እሱ ነው፣ ይላል ገነነ በሆዱ። ኢንቨርተሩ ባንኮኒው ላይ ተጋድሟል። ዙለይካ ካቻቢቴዋን ይዛ ትጠብቀዋለች። ቲቸር፣ ልክፈተው?

ቆይማ ልጄ።

ምኑን ነው የሚያቆያት? ሃያ ስምንት ዓመት እዚሁ ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ ያስተማረ ሰው፣ አትፍሩ፣ ክፈቱት፣ ካልተከፈተ አይታወቅም እያለ ሲጮህ የኖረ ሰው፣ ዛሬ የገዛ ተማሪው አራት ብሎን ልትፈታ ስትል ይከለክላታል። ብሎኖቹ አራት ናቸው፣ ቆጥሯቸዋል። ከሽፋኑ ሥር ምን እንደሚገኝም ይጠረጥራል፣ ይጠረጥራል እንኳ አይባልም፣ ያውቃል።

መምህር፣ አሮጌ ነገር ምን ያደርግልዎታል፣ ይላል ሀምዱ፣ የዙለይካ አባት፣ የሱቁ ባለቤት፣ አዲስ ኢንቨርተር ከነካርቶኑ ከመደርደሪያ እያወረደ፣ ይኸው፣ አሁኑኑ ገጥመው ይሄዳሉ፣ እንቁላሉም አይበርድብዎትም። አባዬ፣ ሳላየው አዲስ ትሸጣለህ እንዴ? ትላለች ልጁ። አይተሽው የማይሆን ቢሆንስ? ያኔ ትሸጣለህ። አባትና ልጅ በእሱ ኢንቨርተር ይጨቃጨቃሉ፣ ሌላ ቀን ቢሆን ዳኛ ሆኖ ተቀምጦ በሳቀ ነበር፣ ዛሬ ግን የማይገባውን፣ የሻጩን ወገን ይዟል።

እንቁላሉ። አርባ እንቁላል። ንግሥቴ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ቅርጫቱን በጋቢ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አቅፋዋለች፣ ጋቢው የእሱ ነው፣ ጧት ማንኩሳን እንዳለፉ በኢንቨርተሩ የሚሠራው የእንቁላል ማስፈልፈያ ሣጥን መብራት ድርግም ሲል፣ ገና ወደዚህ ሳይመለሱ፣ ብድግ ብላ ከትከሻው ላይ ነጠቀችው፣ አንተ ብርድ ትችላለህ፣ እነዚህ ገና አልተወለዱም፣ አለችው፣ እስካሁን ይበርደዋል፣ እስካሁን ደስ ይለዋል። ጾም ነው፣ በዚህ ወራት እንቁላል የሚበላ ክርስቲያን የለም፣ እሷ ደግሞ ይህንኑ አይታ በቡሬ ዙሪያ ከገበሬ ቤት ገበሬ ቤት እየዞረች ለቀመችው፣ የተሰነጠቀ እንዳይኖር እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ እያነሣች። ዛሬ ሃያኛ ቀናቸው ነው። ነገ ይፈለፈላሉ፣ ለዱርቤቴ ሴቶች ጫጩት ቃል ገብታለች፣ ቃሏ ደግሞ ቀልድ የለበትም።

ኧረ ሳይታይ ይጣላል እንዴ፣ ትላለች ንግሥቴ ከዱካው ላይ፣ ትክፈተውና ትየው እንጂ።

አዲሱን እንውሰድ፣ ይላል ገነነ። ድምፁ የራሱ አይመስለውም።

ቀና ትላለች። አንተ? አዲስ? የጎበጠ ምስማር አቃንቶ የሚያስቀምጥ ሰው፣ በአንድ ካፖርት አሥራ ዘጠኝ ክረምት የወጣ ሰው፣ ምነዋ፣ አሞሃል እንዴ? ዓይኗን ጠበብ ታደርጋለች፣ ይህን ዓይን ሠላሳ አራት ዓመት ያውቀዋል፣ ከዚህ ዓይን ፊት ዋሽቶ የወጣ የለም፣ ስለዚህ ወደ ሽቦ ጥቅልሎቹ ያያል፣ ወደ አምፖሎቹ፣ ወደ ጣሪያው። ጥሩ ጣሪያ ነው። ንጹሕ ነው።

ይንገራት? ምን ብሎ?

መኪናህ፣ ነበር የሚኖሩባትን አውቶቡስ የምትላት። ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር ያችን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ገዝቶ፣ ወንበሯን ነቃቅሎ፣ አልጋና ምድጃ ገጥሞ፣ ጣሪያዋ ላይ ሶላር ሰቅሎ፣ ልጆቹ እንደሆኑ ወጥተዋል፣ ምን ይዞን እንቀመጣለን፣ አገራችንን እየዞርን እንኑርባት እንጂ ሲላት፣ ጎማ ባለው ነገር ውስጥ ምኑ ይኖራል ብላ ነበር፣ ብላም ተከተለችው። ገበያተኛው መርከቧ ይላታል፣ ከነዶሮዋ ከነጫጩቷ ስላያት፣ ንግሥቴ ግን መኪናህ። መኪናህ ያፈሳል። መኪናህ ወገቤን ፈጀው። ስድስት ወር ሙሉ ሻንጣዋን አልፈታችም፣ ቀሚሷን ከሻንጣ ታወጣለች፣ አጥባ አጣጥፋ ወደ ሻንጣ ትመልሳለች፣ እሱ መሪውን ይዞ በዞረ ቁጥር ያቺ ሻንጣ ከኋላው ወለሉ ላይ ስትንሸራተት ይሰማል። ማንንም አትወቅስም፣ አታኮርፍም፣ የባሰው ይኸው ነው፣ እንግዳ ናት፣ በእሱ ሕልም ውስጥ እንግዳ ሆና ጨዋነቷን ጠብቃ ትኖራለች። አንድ ቀን ቤታችን ትል ይሆናል። አንድ ቀን ብቻ።

ከዚያ የጥምቀት ማግሥት። ግሽ ዓባይ፣ ጠበልተኛው በመንገዱ ሲወርድ፣ እሱ በጀሪካን ውኃ ቀድቶ ሲመለስ፣ ኢንቨርተሩ ላይ ዳንቴል። ነጭ፣ ዳር ዳሩን ሰማያዊ አበባ የዞረበት፣ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን የሚለብሰው ዓይነት፣ ለካስ ስንት ሳምንት ኪሮሿን ይዛ የምትቆጥረው ይህንን ነው። ምን ታፈጥብኛለህ፣ አቧራ እንዳይገባበት ነው፣ አለችው፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ጆሮዋ ቀልቶ። ሴት በሰው ዕቃ ላይ ዳንቴል አታለብስም። ይህን ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። በማግሥቱ ሻንጣዋ አልጋ ሥር ገብታለች፣ ባዶዋን። ገነነ ጎማ የሚያይ መስሎ ወረደና ከኋላ ቆሞ አለቀሰ፣ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጎማውን ይዞ አለቀሰ።

ሙቀት የሚያመነጭ ማናቸውም መሣሪያ ነፋሻ አየር ካላገኘ ሙቀቱን ሊያስወግድ አይችልም፣ በመሆኑም ይበላሻል። በጠመኔ ጽፎታል፣ አስጽፎታል፣ ፈትኖበታል፣ ግማሽ ማርክ እንኳ ሳይጨምር ስንቱን ጥሎበታል። ንግሥቴ፣ አንሽው፣ ይቃጠላል። ሦስት ቃል ናት፣ አልወጣችውም። እንዴት ትውጣ፣ አንሽው ማለት እኮ ሻንጣሽን መልሰሽ ሙዪ ማለት ነው። ስለዚህ ምን ያደርጋል ሊቁ፣ ገበያ ስትወርድ ዳንቴሉን ያነሣል፣ ኮቴዋን ሲሰማ ሮጦ ያለብሳል፣ አበባው ወደ በሩ መዞር አለበት፣ ካልዞረ ታውቃለች፣ አንዴ ገልብጦት ምን ነካው ብላ ነበር፣ መንገዱ አንገጫግጮት ይሆናል አላት፣ መኪናዋ ቆማ። ሁለት ወር ሙሉ። ደወል ሰምቶ ክፍል ሲገባ እንኳ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። እነሆ እንቁላሉ ሊደርስ ሲል አምስት ቀን ከአጠገቡ ንቅንቅ አልል አለች፣ ዳንቴሉም አልተነሣ፣ ዛሬ ማንኩሳ ላይ ድርግም። አሁን ዳንቴሉ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነው። እንዳይቆሽሽብሽ ብዬ ነው፣ ብሏታል። ጎበዝ ልጅ።

ዝም በሉ፣ ትላለች ንግሥቴ።

እጇን አንሥታለች። ሀምዱ ካርቶኑን እንደያዘ ይቆማል። ከጋቢው ውስጥ፣ ከቅርጫቱ ውስጥ፣ ከቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ አንድ ድምፅ፣ ጪ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና፣ ጪ ጪ፣ ሌላው ይመልስለታል። ሱብሓነላህ፣ ይላል ሀምዱ ቀስ ብሎ። የንግሥቴ ፊት ግን፣ ፊቷን ምን ልበለው፣ ገነነ ከሠርጋቸው ወዲህ እንዲህ አላየውም፣ ወይም አይቶታል፣ አዎ፣ ግሽ ዓባይ፣ ዳንቴሉን ያለበሰች ቀን።

እና አዲሱን ቢገዛስ? አዲሱንም ታለብሰዋለች። ዛሬውኑ። ለአዲስማ ይበልጥ ታሳምርለታለች፣ በሁለት ወሩ ይቃጠላል፣ ሦስተኛ ይገዛል፣ አራተኛ፣ ከቡሬ እስከ ባሕር ዳር ያለ ሱቅ ሁሉ ኢንቨርተር ያልቅበታል፣ እሱም እስኪሞት ድረስ የሚስቱን ኮቴ እያዳመጠ ይኖራል። ኮቴዋን መፍራት። ምን ዓይነት ሥራ ነው፣ የሚወዳትን ሴት መምጣት እንደ ሌባ መፍራት! ሳቁ ይመጣበታል፣ ከሳቁ ጋር ፍርሃቱም።

ክፈቺው፣ ይላል።

አንድ ብሎን። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ትንሽ ያስቸግራል፣ ይፈታል። ዙለይካ ሽፋኑን ታነሣለች። የማራገቢያው እንብርት ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሟል፣ ጫፉ ጠቁሯል፣ መሃሉ ላይ አንድ ሰማያዊ። ክሩን ታያለች፣ ገነነን ታያለች፣ ከካፖርቱ ኪስ አፍ ብቅ ያለችውን የዳንቴል ጫፍ ታያለች፣ ድሮም ቶሎ የሚገባት ልጅ ነበረች። አይጥ ነው መሰለኝ ቲቸር፣ ትላለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አይጥ ጎጆ ሠርቶበት ነው፣ ያጋጥማል።

አይ ዙለይካ። አንድ ቀን ለጓደኛዋ መልስ ስታቀብል ይዞ ከፈተና ክፍል አስወጥቷት ነበር፣ ዛሬ ለእሱው መልስ ታቀብላለች። ቢቀበላት ማን ያየዋል? አይጥ። እንዴት ያለች ቀላል መልስ ናት።

አይጥ አይደለም፣ ይላል። ከኪሱ ያወጣዋል፣ ባንኮኒው ላይ ይዘረጋዋል፣ አበባው ወደ ንግሥቴ። ዳንቴሉ ነው፣ አየር ከልክሎት ነው። አውቅ ነበር።

ታውቅ ነበር? ከመቼ?

ያለበስሽው ቀን።

ታዲያ ምነው ዝም አልክ?

ምነው ዝም አለ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ተናግሮ ለኖረ አፍ አንድ ጥያቄ፣ መልሱ ግን ረዥም ነው፣ ሻንጣ አለበት፣ ጎማ ይዞ ማልቀስ አለበት፣ ሱቅ ውስጥ አይነገርም። ደስ ብሎሽ ነበር፣ ይላል። ስትወጪ አነሣዋለሁ፣ ኮቴሽን ስሰማ ሮጬ አለብሰዋለሁ።

ውጭ ባጃጅ ያልፋል። አሁን ተነሥታ ትወጣለች፣ አሁን ሻንጣዋን፣ አሁን፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ አለቀሰች፣ አስለቀስኳት፣ አይደለም፣ ቆይ፣ እየሳቀች ነው፣ ሳቋ ከሆዷ ተነሥቶ ቅርጫቱን ያናውጠዋል፣ እትዬ፣ እንቁላሉ፣ እንቁላሉ፣ እያለ ሀምዱ ካርቶኑን ጥሎ ቅርጫቱን በሁለት እጁ ይደግፋል። ለዚህ ነው በገባሁ ቁጥር የምታለከልከው? ትላለች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ልብህን አሞህ መስሎኝ፣ እንዳትደነግጥ ብዬ ውጬው፣ ለአቡነ ዘርዐ ብሩክ ጥላ ተስዬልህ ነበር እኮ። ጥላ? ጥላ፣ አዎ፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ። ለልቤ? ለልብህ። ገነነ ያያታል፣ ለካ እሷም ሁለት ወር የእሱን ትንፋሽ ስታዳምጥ ከርማለች፣ እሱ ኮቴዋን ሲፈራ እሷ ሞቱን ስትፈራ፣ በአንዲት ጠባብ አውቶቡስ ውስጥ፣ እየተሳሳቁ። አሁን እሱም ይስቃል፣ ልቡ እስኪፈርስ ይስቃል፣ ደህና ልብ ነው፣ ስለቱ ሠርቷል፣ ጥላው ይገባል።

ሁለት ዕቃ ነው የተቃጠለው፣ ትላለች ዙለይካ ቴስተሯን አንሥታ፣ ሌላው ደህና ነው፣ ይሠራል። አዲሱስ? ይላል ሀምዱ፣ ካርቶኑን ከመሬት እያነሣ፣ ማንም አይመልስለትም፣ ራሱም ይስቅና ወደ መደርደሪያው ይመልሰዋል።

ቶሎ በይልኝ እንግዲህ ልጄ፣ ትላለች ንግሥቴ፣ ጋቢውን በቅርጫቱ ላይ እያስተካከለች፣ ቤቴ ገብቼ የማናግረው ሰው አለ።

ቤቴ።

ገነነ አፉን ይከፍታል፣ ከዛሬ ወዲያ ምንም አልደብቅሽም ሊላት ነው፣ አሁን ምን እንዳልሽ ሰምተሻል ሊላት ነው፣ ቢላት ታፍራለች፣ ጆሮዋ ይቀላል፣ ለእልኋ ስትል መልሳ መኪናህ ትላለች፣ እሷ ራሷ እንዳለችው አላወቀችም፣ እንቁላሎቿን እየነካካች ነው፣ አፉን ይዘጋዋል። ይህችን አንዷን ብቻ ይደብቃታል። ቲቸር፣ ምን ያስቅዎታል? ትላለች ዙለይካ ቀና ብላ። ምንም ልጄ፣ ይላል፣ ምንም፣ ሥሪ።