በሶላሩ ላይ የጣልሁት ጋቢ

1

ግንቦት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.። ዕድሜዬ ስልሳ ስድስት። በዚያ ቀን ጣሪያዬ ላይ ወጥቼ ሶላሩን በጋቢዬ ሸፈንሁት። አራቱንም ማዕዘን በድንጋይ አስረገጥሁት።

2

አንባቢ ሆይ፣ አስቀድሞ የሆነውን ልንገርህ።

ባለቤቴ ደብሪቱ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። በየቀኑ የምትወጋው መድኃኒት ቅዝቃዜ ይፈልጋል። አገራችን ቆላ ነው፤ የኤሌክትሪክ መስመርም አልደረሰውም። ስለዚህ አንድ በሬያችንን ሸጠን ሶላር፣ ባትሪና ትንሽ ፍሪጅ አስገባን።

3

የገጠመልን ባለሙያ ኑረዲን ይባላል። ጥላ እንዳያርፍበት፣ አቧራውንም በየሳምንቱ እንድጠርግ አስጠነቀቀኝ። የፍሪጁ መብራት ከቀላ ባትሪው ተርቧል ማለት እንደሆነ ነገረኝ። ቀልደኛ ነበር።

«አባባ፣ ይህ ከብት ሣር አይበላም። ፀሐይ ብቻ አይከልክሉት።»

ሳቅን።

የመመሪያ ወረቀትም ሰጠኝ። ፊደል ስለማላውቅ አጥፌ በግድግዳው ስንጥቅ ሰካሁት።

4

ጎረቤታችን አቶ ወንድይራድ ሞቱ። በእኛ መንደር ሰባት ቀን እስኪሞላ ለቅሶ ቤት አጠገብ ደስታ የሚመስል ነገር አይታይም። አምፖሉን አጠፋን። ቀን ቀን ግን የሶላሩ መስታወት ነጸብራቁን በለቅሶው ድንኳን ላይ ይጥል ጀመር። ከለቀስተኞቹ አንዱ እኔ እየሰማሁ እንዲህ አለ፦

«የመርዕድ ጣሪያ ጥርሱን ገልጦ ይስቅብናል።»

ለደብሪቱ ነገርኋት። አፈረች።

«ሸፍነው» አለችኝ።

5

ማክሰኞ።

ረቡዕ።

ሐሙስ። የፍሪጁ መብራት ቀላ።

ዓርብ።

ቅዳሜ።

እሑድ።

ሰኞ።

6

ጋቢውን አነሣሁ። ፍሪጁ ዳግመኛ ቀዘቀዘ። መድኃኒቱም አብሮት የዳነ መሰለን። ሦስት ሳምንት ያንኑ ተወጋች።

የሞተ መድኃኒት አይሸትም።

7

በሰኔ፣ በጤና ጣቢያው አልጋ ላይ። ጤና መኮንኑ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ተመለከተው።

«ሙቀት ነክቶት ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ውሸት አልነበረም፤ በዚያች ሰዓት አላስተዋልሁም ነበር። ደብሪቱ ግን ፊቷን ወደ እኔ መለሰች፤ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

በማግሥቱ ዐረፈች።

8

ፊደል መቁጠር የጀመርሁት ከአርባዋ በኋላ ነው። ሌላ የሚነበብ ነገር በቤቴ አልነበረም፤ ያንን ወረቀት ከስንጥቁ አወጣሁት። ስድስተኛው መስመር ላይ ለመድረስ ስምንት ወር ፈጀብኝ።

«ቀይ መብራት ሲበራ መድኃኒቱን ወዲያውኑ ወደ ሌላ ቀዝቃዛ ስፍራ ያዛውሩ።»

ከዚያ በኋላ ማንበብ ምን ይጠቅመኛል ብዬ ነበር። ይኸው፣ እጽፋለሁ።

9

ሐሙስ ዕለት ደብሪቱ ወደ ድንኳኑ መጥታ፣ ከሰው መካከል እንደተቀመጥሁ፣ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ተናገረችኝ። ቃሏን በሁለት መንገድ አስታውሰዋለሁ። አንዳንድ ቀን «ቀልቷል፤ ግን ሰባቱ ይለፍ» ያለችኝ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ «ቀልቷል፤ እባክህ ጋቢውን አንሣው»።

የራሴን መልስ ግን አልረሳሁትም።

«ከብት ጥቂት ቀን ቢራብ አይሞትም።»

10

በዚያ ድንኳን አጠገቤ የተቀመጣችሁ ሰዎች ሆይ፤ ቀን ወይም ስም ተሳስቼ እንደሆነ አርሙኝ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን ይህችን መስመር አርሙልኝ። ቦታ ትቼላችኋለሁ።

ደብሪቱ ያለችኝ፦

«                                        »