ሁለቱ ንክሻዎች

ጠጋኟ የሚሏት ሴት ዓይኗን ከእርሳስ ብረቱ ላይ አልነቀለችም። ራሷ አቅልጣ፣ ራሷ ቅርጽ ያወጣችለት ድፍን ክብ ነው። ጠዋት በዘንግ ጫፍ ታስሮ ወደ ነዳጅ ጉድጓዱ ወረደ፤ ጉድጓዱን ከውስጥ ደግፎ የያዘው ቧንቧ ከተቀደደበት ሲደርስ ለስላሳው እርሳስ የቅዳዱን ከንፈር ቅርጽ ይዞ ወጣ። አሁን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ንክሻ በቀኝ፣ አንድ ንክሻ በግራ።

«በሁለት ጎኑ ተቀድዷል፤ አለቀለት» አለ ኃላፊው። «በሲሚንቶ እንድፈነው። ነገ ዕቃችሁን ሸክፉ።»

ዕቃ መሸከፍ! ስምንት ወር ሙሉ አቧራ የቃሙበትን ጉድጓድ እንደ ዋዛ ሊያስቀብር። ጠጋኟ ደሟ ፈላ።

«ቅዳዱ አንድ ነው።»

«ሁለት ምልክት አይታይሽም?»

«የማይታይዎት እርስዎ ነዎት። ይቺን የተሰበረች የቅዳዱን ጥርስ ይዩዋት፤ እዚህም አለች፣ እዚያም አለች። አንዱ ቅዳድ ነው ሁለቴ የነከሰው።»

እርሳስ አንዴ ያርፋል፣ አንዴ ይነሳል፤ ደግመው ካሳረፉት አንዱን ቅዳድ ሁለት አድርጎ ያሳያል። ይህን በክፍሉ ላለ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ጠዋት የማውረጃውን ፍሬን የያዘው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነበር፤ በሠላሳ ዓመት ሥራው ተሳሳትኩ ብሎ የማያውቅ፣ ለጡረታው አንድ ወር የቀረው ሰው። በዚያ ሙቀት ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ቆሟል። ተናገር እንጂ ብላ ልትጮህበት ቃጣት፤ ሰው ፊት ልታዋርደው ግን አንጀቷ አልቻለም።

«በእኔ ይሁን፤ አንዱን ቅዳድ ልጠግነው» አለች። «ካፈሰሰ አባሩኝ፤ በሩን እኔው ዘግቼ እወጣለሁ።»

«ደረቅ!» አለ ኃላፊው፤ ፈቀደላት ግን። የታጠፈውን ከንፈር በወፍራም ክብ ብረት ገፍተው አቀኑት። ከዚያ እንደ እጅጌ ያለ ስስ የብረት ቱቦ አውርደው ከውስጥ እያሰፉ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር አጣበቁት። ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለመፈተን ውሃ በግፊት ሲሞላ ጠጋኟ የግፊት መለኪያው ፊት ተገትራ ቆመች። ሩብ ሰዓት፤ ግማሽ ሰዓት። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥሩ። እንግዲህ ሪፖርቱ ላይ ‹እርሳሱ ሲሠራ ጉድለት ነበረበት› ብለሽ ጻፊ። ማንም አይጎዳም።»

«እኔስ ሰው አይደለሁም? እርሳሴ ጉድለት የለበትም። እጄን ቢቆርጡት አልጽፍም።»

«ታዲያ ሁለቱ ንክሻ ከየት መጣ ልበል?»

«ባዶውን ይተዉት።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ እጇን አጣመረች። ያን ጊዜ ወንድሟ ከበሩ ተነቅሎ መጣ። ጓንቱን አወለቀ። ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እስክሪብቶውን አንስቶ ጎንበስ አለና እየተንገዳገደ በሚሄድ ጽሕፈት «ሁለቴ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ።

«ጋሼ…» አለች።

«ዝም በይ፤ ፊደሉን ታሳስቺኛለሽ።» ስሙን ከታች አስፍሮ ቀና አለና ኃላፊውን ዓይን ለዓይን አየው።

«የሚባረር ካለ እኔ ነኝ» አለው። «የእሷ እርሳስ ግን እንከን የለበትም።»