ጠመኔ የነካቸው ዓምዶች

ሰፈሩ ያወጣለት ስም ጉሙ ነው። እንደ ጉም ይመጣል፣ እንደ ጉም ይሄዳል፤ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰ ወዲህ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሮ የሰው ክስ፣ የሰው ይግባኝ፣ የሰው ኑዛዜ ሲያባዛ ይውላል። ማታ እህቱ ቤት ይገባል። ያሳደገችው እሷ ናት፤ ዛሬም ከልጆቿ ክፍል አንዱ ጥግ የእሱ ነው።

ልቡ ግን ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ከከተማው የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ወርዶ፣ ወንዙ አለቱን ሰንጥቆ በሚያልፍበት ገደል ውስጥ። እዚያ፣ ማን ያውቃል በየትኛው ዘመን፣ እሳተ ገሞራ የተፋው የቀለጠ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ እየተሰነጠቀ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ማዕዘን ጥቁር ዓምድ ሆኗል። አንዱ ሌላውን ተደግፎ፣ በእጅ እንደ ተጨበጠ እርሳስ ተጠጋግተው፣ ሦስት ሰው ተሸካክሞ ቢቆም የማይደርስበት ግድግዳ ሠርተዋል።

ጉሙ በእረፍት ቀኑ ትንሽ መዶሻ በኪሱ ይዞ ይወርዳል። ቀይ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነው ጠጠር ከእግሩ ስር እየተንከባለለ፣ ሁለቴ በቂጡ ተንሸራቶ፣ ወንዙ ዳር ይደርስና ዓምዶቹን አንድ በአንድ መታ መታ ያደርጋቸዋል። ደህናው ድንጋይ ደወል ነው፤ ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ ከማዶ ግድግዳ ይመለሳል። ውስጡ የተሰነጠቀው ግን እንደ በሰበሰ ሳንቃ ዷ ብሎ ዝም ነው። የቱ ወፍራም፣ የቱ ቀጭን ድምፅ እንዳለው በደብተር ይጽፋል።

የእህቱ ባል ድንጋይ ጠራቢ ነው። ዓመታት ሙሉ ሲስቅበት ኖሯል።

«ሰው በእረፍቱ ሴት ይጠይቃል፤ ይሄ ድንጋይ ይጠይቃል!» ይላል ለጎረቤት። «እሺ፣ ጉሙ፣ ዛሬስ እሺ አለችህ?»

ዝናቡ ካባራ በኋላ ግን አንድ ጠዋት ጠራቢውን ጫማውን አስሮ ደጅ ቆሞ አገኘው።

«እስቲ እኔም ልውረድ። ሰው ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የሚመላለሰው?»

ጉሙ በደስታ የሚይዝ የሚጨብጠውን አጣ። በሃያ ሦስት ዓመቱ አብሮት የወረደ ሰው አልነበረም። አምስት የእረፍት ቀን አብረው ወረዱ። ጉሙ ድንጋዩን ሲመታ ጠራቢው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ከፊቱ ሳይነቅል ይጠብቃል።

«ይሄኛውስ ምን አለህ?»

«ይሄማ ይዘፍናል፣ ጋሼ!»

«በል ምልክት አድርግበት፣ ኋላ እንዳይጠፋህ» ይልና ከደረት ኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ያቀብለዋል።

እንዲህ እያሉ አሥራ ሰባት ዓምድ ላይ ቁጥር ጻፉ። የመጨረሻው ቀን ዳገቱን ሲወጡ ጠራቢው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «ወንድም አልነበረኝም፤ ይኸው አገኘሁ» አለው። ጉሙን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

ከዚያ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ታመመና ሁለት የእረፍት ቀን አለፈው። በሦስተኛው ሲወርድ የመኪና ጎማ ዱካ ገደሉን ዞሮ በታችኛው በኩል እንደገባ አየ። ግድግዳው ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ሆኗል። ሮጦ ተጠጋ። የቀሩት ዓምዶች ሁሉ ባዶ ናቸው፤ ጠመኔ የነካው አንድም የለም። ከተቆረጠ አንድ ጉቶ ላይ የእጁ ጽሑፍ፣ የዘጠኝ ቁጥር ጭራ ብቻ ተርፏል። ጉሙ ጭራዋን በአውራ ጣቱ ሸፈናት።

ቤት ሲደርስ ጠራቢው ግቢው ውስጥ መሮ ይስላል።

«ጋሼ፣ ዓምዶቹን ማን ቆረጣቸው?»

ጠራቢው ቀና ሳይል መሳሉን ቀጠለ።

«ጋሼ! ማን ቆረጣቸው?» ጉሙ ፊት ለፊቱ መጥቶ ቆመ።

«እ? አትጩህ እንጂ! ሆቴል ሊሠራ ነው። መግቢያው ላይ ይቆማሉ። አሁንማ አገር ያያቸዋል፤ እዚያ ገደል ውስጥ ከአንተና ከጦጣ በቀር ማን አያቸው?»

«ጠመኔውስ?»

ጠራቢው ወደ መሮው አቀረቀረ። እህቱ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ከበሩ ወጣች።

«አታድርቀው። አይሰማም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምን?»

«አይሰማም አልኩህ። ሁለት ዓመት አለፈው። መዶሻው ጆሮውን በላው። አፍ አፌን እያየ ነው የሚመልስልኝ። ድንጋዩ ደህና ይሁን፣ ይሰንጠቅ፣ መለየት አቅቶታል። ይህ ቢሰማ ማን ሥራ ይሰጠዋል? የሦስት ልጅ ጉሮሮ ነው፣ የእናቴ ልጅ!»

ጉሙ ያቀረቀረውን ጠራቢ አየ።

«እና አብሮኝ የወረደው...»

«እኔ ነኝ ውረድ ያልኩት። የወንድሜ ጆሮ ደህና ነው፣ ተዋሰው አልኩት።»

«እትዬ፣ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርህ እምቢ ትል ነበር።»

«እምቢ እንደምል ካወቃችሁ፣ እንደሰረቃችሁኝም ታውቁ ነበር።»

«የምን ስርቆት! ድንጋይ እኮ ነው!» አለች። ወዲያው ግን ድምፅዋ ተለሳለሰ፤ ድሮ መድኃኒት ልታጠጣው ስትል እንደምታደርገው። «ሐሙስ ከኮንትራክተሩ ጋር ወርደው የማዶውን ግድግዳ ያያሉ። ያለ አንተ ይዋረዳል። አጠገቡ ቁምለት ብቻ። ደህና ከሆነ ራስህን ነቅንቅ፣ ካልሆነ ዓይንህን ጨፍን። ሌላ ምንም አልልህም።»

የማዶውን ግድግዳ ለጠራቢው ያሳየው ራሱ ጉሙ ነው። ሳይነካ የቀረውም ያ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ወረደ። ለምን እንደወረደ ለራሱም አልገባውም፤ እትዬ ብላው ያላደረገው ነገር ስለሌለ ይሆናል። ኮንትራክተሩ አዲስ ቡትስ ያደረገ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነው። ወንዙን ድንጋይ በድንጋይ እየረገጡ ሲሻገሩ የጉሙን ትከሻ ጨምድዶ ያዘ።

«ብወድቅ ሚስቴን እንዳታገባት፤ ለራስህ ብዬ ነው!» እያለ ይስቃል።

ጠራቢው የመጀመሪያውን ዓምድ መታ። ገደሉ በድምፅ ሞላ። ጉሙ ሳያስበው ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ደህና ነው!» አለ ጠራቢው፣ ጮክ ብሎ።

ሁለተኛው ታፈነ። ጉሙ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄ የታመመ ነው፤ እንለፈው።»

«እጅህ ወርቅ ነው!» አለ ኮንትራክተሩ።

ጠራቢው ሦስተኛውን መትቶ ቀና አለ። ዓይኑ ጉሙ ፊት ላይ ተተከለ። ያው አስተያየት ነው። አምስት የእረፍት ቀን ሙሉ ጉሙ ወዳጅነት ነው ብሎ ሲሞቀው የነበረው አስተያየት፤ ለካ ወሬ የሚለቅም ዓይን ኖሯል። ድንጋዩ ዷ ነበር ያለው። ጉሙ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

ጠራቢው ጠበቀ። ላቡን ጠረገ። አሁንም ጠበቀ።

«ይሄም... ደህና ነው» አለ በመጨረሻ።

የኮንትራክተሩ ፈገግታ ጠፋ። መዶሻውን ተቀብሎ ራሱ መታ። ዷ። ጠራቢው አሁንም የድንጋዩን ጎን እንደ ከብት እየደባበሰ፣ «አይታይህም፣ አጥንት እኮ ነው!» ይላል። ኮንትራክተሩ ከጀርባው ቆመና፣ ቡና ቤት እንደ ተቀመጠ ሰው በቀስታ፣ «ጌታው፣ ጫማህ እየተቃጠለ ነው» አለ።

ጠራቢው ድንጋዩን መደባበሱን ቀጠለ።

ኮንትራክተሩ ወደ ጉሙ ዞረ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

የወንዙ ጩኸት ነው ማለት ይችል ነበር። ውሃው ያስገመግማል፤ ማንም ያምነዋል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። እህቱ ታወሰችው፤ በሩ ላይ ቆማ፣ «ተዋሰው አልኩት» ስትል።

«ሁለት ዓመት አልፎታል» አለ።

ኮንትራክተሩ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየው።

«እንግዲህ ሰኞ ጆሮ ያለው ጠራቢ ይዤ እመጣለሁ» አለ። «ግድግዳው የት ይሄዳል!»

መዶሻውን ለጠራቢው መልሶለት፣ ቡትሱን እያንሿሿ ወደ መሻገሪያው ሄደ።

ጠራቢው የሰውየውን ጀርባ አየና ፊቱ ፈካ፤ የተሳካለት መስሎታል። ወደ አራተኛው ዓምድ አለፈ፣ መታ፣ ድምፁ ገደሉን ዞሮ ተመለሰ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ዓይኑን ከጉሙ ፊት ላይ ተክሎ፣ መልሱን ይጠብቅ ጀመር።