ቬርል የመለሰው ጎርፍ

«ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ውሸት ብትሆን ይኼ ቀይ ገደል ተንዶ ይጫነኝ!» ብሎ ማለ ቬርል፣ የድንች ሳህኑን እንደያዘ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቆሞ። ካናብ ከተማ መናፈሻ ውስጥ የተሰበሰበው ዘመድ አዝማድ ማኘኩን አላቋረጠም።

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ቤተሰቡ በመኪና ተከታትሎ በረሃው ውስጥ ድንኳን ተክሎ ያድራል። ከፊት የሚነዳው መሪ ነው፤ የተቀረው አቧራውን ይቅማል። ከፊት የሚነዳው ሁልጊዜ ቬርል ነበር። ዘንድሮ ግን እራት የሚበስልበትን የብረት ድስት እንደጫነ ቀድሞ ጠፋና ሌላው ሁሉ ሊያድሩበት የተቀጣጠሩት ሸለቆ አፍ ላይ ብስኩት በልቶ አደረ። ከምግብ በኋላ የሚቀጥለው ዓመት መሪ እጅ በማውጣት ሊመረጥ ነው። እህቱ ኔልዳ ቦታውን ፈልጋዋለች። ቬርል የኔልዳን አቧራ ከሚቅም ጥርሱ ቢረግፍ ይመርጣል።

«አሸዋው ዱቄት ነበር» አለ። «እንዳንሰምጥ ጎማዎቹን አስተነፈስኩ።»

«መንፊያውን ቤትህ ረስተህ» አለች ኔልዳ። «ጓሮህ ተጋድሞ አይቼዋለሁ።»

«ረስቼ አይደለም፣ ንቄው ነው! በሳንባዬ ነፋኋቸው።»

«አራቱንም?»

«ትርፍ ጎማውን ጨምሬ። ከዚያ ጆሮዬን መሬት ላይ ስለጥፍ ጎርፍ ሰማሁ። ጎርፉ ገና ልነሳ ወይስ ልተኛ እያለ ሲያስብ ነው የሰማሁት! መጣ፣ ቤት የሚያክል ቋጥኝ እየጋለበ። መኪናዋን በግራ፣ ሚስቴን ላሩን በቀኝ ይዤ ገደሉን ወጣሁ። ዞሬ ብጮህበት ወደ መጣበት ተመለሰ።»

«ድስቴስ?» አሉ አጎት ኦርሰን።

«በጥርሴ ይዤው፣ ጋሼ።»

«ውስጡ የነበረው የኮክ ጣፋጭስ?»

«ጠብታ አልፈሰሰም!»

ሽማግሌው ቬርልን ሊመርጡ እጃቸውን አወጡ። ሁለት ሦስት ሰዎች ተከተሏቸው። ቬርል ልቡ ሞቀና ሐብሐብ ወደምትቆርጠው ሚስቱ ዞረ። «ላሩ፣ አብረሽኝ ነበርሽ። እስቲ ንገሪያቸው።»

ላሩ ቢላዋዋን ጠረገች።

«ሸለቆ አልገባንም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «መታጠፊያውን ስቶት ነዳጅ ማደያው ጀርባ አደርን። ጎማውን የማደያዋ ሴትዮ ነፋችልን። ጎርፍ የሚለው የበረዶ ሳጥናችን ተገልብጦ የፈሰሰውን ውሃ ነው። ኮኩን እዚያው በልተን ጨረስነው።» አንድ ቁራጭ ሐብሐብ ለኔልዳ አቀበለቻት። «ከፊት ስትነጂ አደራ፣ ቀስ በይ። የእኛ መስኮት አይዘጋም።»