የሚተኛው አሻንጉሊት

በዘጠኙ ቀን በዓል አሻንጉሊት በመደርደሪያ ደረጃ ላይ ደርድሮ የማያሳይ ቤት እዚህ ደቡብ ሕንድ ኩምባኮናም ከተማ የለም። በአሥረኛው ቀን አመሻሽ ላይ ከተደረደሩት አንዱን በጀርባው እናስተኛለን፤ እሱ ስለ ሁሉም ይተኛል። በማግስቱ ሁሉንም በጨርቅ ጠቅልለን ሳጥን ውስጥ እናስገባቸዋለን፣ እስከ ዓመቱ። እኔ አላሜሉ፣ የሕፃናት መዋያ አስተማሪዋ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳደርገው ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ያን ዓመት መዋያው ውስጥ የተገዛ አሻንጉሊት አላስገባም ብዬ ድርቅ አልኩ። የልጆቹ ሥራ ምን አነሰው? አሥራ አንዱም ጋዜጣ ቀዳደው፣ በሩዝ ሙጫ አጣብቀው፣ ከጠበባቸው ልብስ ቁራጭ አልብሰው የየራሳቸውን አምሳያ ሠሩ። ከበዓሉ በኋላ ለእናቶቻቸው ስጦታ ሊሆን ነው። የአራት ዓመቷ ቴንሞዚ የአሻንጉሊቷን ጉንጭ በእርድ ለቅልቃ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ናት!» አለችኝ።

በአሥረኛው ቀን ረዳቴ እማማ ፖናማ ደረጃውን ትክ ብለው አዩት።

«የሚተኛውን ከቤትሽ አላመጣሽም?»

«ከነዚሁ አንዱን አስተኛለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ? ሰው የልጅ አምሳያ ያስተኛል?»

«እማማ፣ ጋዜጣ ነው እኮ! የሲሚንቶ ማስታወቂያ ያለበት ጋዜጣ።»

እየሳቅኩ ለእጄ የቀረበችውን አስተኛሁ። የቴንሞዚ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት እናቷ ሴልቪ ልጇን ትከሻዋ ላይ ጥላ እየሮጠች መጣች። «ትናንት ሽምብራ አብልታችኋታል፤ ምን ነበረበት? ውሃ ረጨኋት፣ ቆነጠጥኳት፣ አልነቃ አለችኝ! ሐኪሙ ደህና ናት፣ ተኝታ ነው ይላል።»

እማማ ፖናማ እኔን አዩኝ። እኔም ሄጄ አሻንጉሊቷን አቆምኳት።

ቴንሞዚ አዛጋችና «ራበኝ» አለች።

ሴልቪ አለቀሰች። እኔ ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ ሙዝ ይበላ የነበረው ሕፃኑ ኢኒያን ሙዙን እንደጎረሰ ምንጣፉ ላይ ጥቅልል አለ። ዘወር ስል ማንም ያልነካው የእሱ አሻንጉሊት በጀርባው ተኝቷል። ሙዙን ከአፉ አውጥቼ አሻንጉሊቱን አቆምኩ፤ እሱ ነቃ፣ ቫሱኪ ተኛች። እሷን አነቃሁ፣ ወንድሟ ተኛ። እማማ ፖናማ ሮጠው ከአያታቸው የወረሱትን የእንጨት አሻንጉሊት ከቤታቸው አምጥተው ደረጃው ላይ አስተኙ። ምንም ለውጥ የለም። አንዴ የልጅ አምሳያ አስተኝቻለሁና እንጨት አልበቃ አለ።

ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ግን ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጆቹ ምን አደረጉ? የራሴን አምሳያ ልሠራ ቁጭ ብዬ ጋዜጣ ቀደድኩ፤ በሩዝ ሙጫ አጣበቅኩ፤ ከሳሪዬ ጫፍ ቀድጄ አለበስኩት፤ ዓይን ሳልኩለት። እጄን እያዩ ልጆቹ «አፍንጫው አስቀያሚ ነው!» ብለው ተሳሳቁብኝ።

«ይሄማ አይሆንም» አሉ እማማ ፖናማ። «አንድ ዓመት ሙሉ?»

«ልጆቹን አደራ። ሳጥኑን ሲዘጉም አፍንጫዬን እንዳይጫኑት።»

አስተኛሁት። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ነገር የለም።

ዓይኔን ስገልጥ መዋያው ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ነኝ። ፀጉሬ ረዝሟል። ፊት ለፊቴ ያለው ደረጃ በአሻንጉሊት ተሞልቷል፤ የኔው ባለ ትልቅ አፍንጫ መሃል ላይ ቆሟል። ውጭ የልጆች ጫጫታ ይሰማል፣ ሁሉም ነቅተዋል። ደስታው አንቆኝ፣ በሙሉ ድምፄ «እማማ ፖናማ!» ብዬ ተጣራሁ።

ቁመቷ የጨመረው ቴንሞዚ በእግሯ ጣቶች እየተራመደች መጥታ አፌን በእጇ ያዘችኝ።

«ቲቸር፣ አትጩኺ» አለች፣ ከጎኔ ወደ ተዘረጋው ሌላ ፍራሽ እያየች። «እማማ ፖናማ ባንቺ ፈንታ አሁን ነው የተኛችው።»